የደከመችበት ሁሉ አበራ

ስለ ራሴ ብዙ አላወራም፤ ነገሩ እንዲገባችሁ የሚበቃውን ያህል ብቻ። ሰሚራ እባላለሁ፣ የሐርቡ ልጅ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ፈተናው እምቢ ሲለኝ፣ ቤት ቁጭ ብዬ ከማረጅ ብዬ ሪያድ መጣሁ። የገባሁበት ቤት ሁሉ አልበረከተልኝም። አፌ አይዘጋም፣ እግሬም አንድ ቦታ አይረጋም። ያን ጊዜ ሱወይዲ ሰፈር ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት እሠራ ነበር። ፀጉር ቤቱ የሚከፈተው ከዐስር ሶላት በኋላ ስለሆነ ጠዋቱ የራሴ ነው። አረብኛዬም ከብዙዎቹ ይሻላል። ስለዚህ አንዷ ስትታመም፣ የአንዷ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማዋ፣ ሲቃጠል፣ አንዷ ከአሠሪዋ ከመዳሟ ጋር ስትጣላ "ሰሚራን ጥሯት" ይባላል።

እቴ ሃዋም የጠራችኝ ለዚያ ነው።

የሥጋ ዘመዴ አይደለችም። ከእናቴ ጋር አብረው ያደጉ፣ አንድ ሰፈር የተዳሩ ናቸው። ወጣት ሆና እዚሁ ሪያድ፣ መላዝ ሰፈር አንድ ቤት በሠራተኛነት ገባች፤ ከዚያ ቤት ሳትወጣ ፀጉሯ ሸበተ። የመዳምን ልጆች ሁሉ ያሳደገችው እሷ ናት። የመጨረሻው ትንሹ ፈይሰል እቴ ሃዋ ደረት ላይ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደውም። እብጠቱን ያገኘችውም እዚያው ደረቷ ላይ ነው፣ ልጁ ተንፈራግጦ ሲረግጣት።

"እህቴንም እንዲህ ነው የጀመራት" አለችኝ በስልክ። ድምጿ ስለ ሽንኩርት የምታወራ ነው የሚመስለው። "አስታምሜ፣ ስትሞት አጥቤ የገነዝኳት እኔ ነኝ። በመጨረሻ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ ሰሚ። እንደሷ አልሁን እንጂ ሌላው ግድ የለኝም።"

ናሙና ተወሰደላት። ካንሰር ሆነ።

አሠሪዋን፣ ከፊሏን፣ "ባባ" ነው የምትለው። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን የምለው እንድትወዱት ብዬ አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው። አንድ ትልቅ ሆስፒታል የሚሠራ የሚያውቀው ሰው ነበረው፤ እሱን ለምኖ ሰውነትን ሁሉ በአንዴ የሚያሳየውን ምርመራ፣ ፔት ስካን የሚሉትን፣ አስፈቀደላት። ቀጠሮው የተያዘ ዕለት በራቸው ላይ ቆሞ ለኔ ነገረኝ፤ እሷ አጠገቤ ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

"ካልተሰራጨ እዚሁ ኦፕራሲዮን ትሆናለች፣ እዚሁ ትታከማለች። ቃሌ ነው። ከተሰራጨ ግን ሰሚራ፣ እኛ ምን እናደርጋለን? አገሯ ገብታ ከዘመዶቿ ጋር ብትሆን ይሻላታል።"

ኹሩጅ ማለቱ ነው። ማኅተም ተመትቶ ላይመለሱ መሄድ። እንግዲህ የእቴ ሃዋ ነገር ሁሉ በአንድ ፎቶ ላይ ተንጠለጠለ፤ ንጹሕ ከሆነ ትኖራለች፣ ካልሆነ ደግሞ የእህቷን መንገድ ትሄዳለች።

ከምርመራው በፊት ለምክር ጠሩን። ፊሊፒናዊቷ ነርስ ቀስ እያለች ነገረችን። ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን ጣፋጭ የለም። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ምግብ የለም፣ ውሃ ብቻ ይጠጣል። ከባድ ሥራም የለም፤ ማረፍ ብቻ። አንድ ቃል ሳልጥል ተረጎምኩላት።

"ገባሽ እቴ?"

"ገባኝ። ጾም ለኔ ምኔ ነው።"

"ሥራም የለም ተብሏል እኮ።"

"ሰማሁ አልኩሽ። ስትቆጪ ደግሞ ቁርጥ እናትሽን።"

በቀጠሮው ጠዋት የቤቱ ሹፌር ይዟት መጥቶ እኔን ከሱወይዲ ጫነኝ። ስትስመኝ በረኪና ሸተተችኝ። ይህ ምንም አላለኝም። እኛ ሁላችንም የምንሸተው በረኪና ነው፤ ሽቶ ሸትታኝ ቢሆን ነበር የምጠረጥረው። ቀበቶውን ለመሳብ እጇን ስታነሳ ግን ፊቷ ተጨማደደ።

"ምን ሆንሽ?"

"ትራሱ አልተመቸኝም።"

መንገዱን ሙሉ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ላይ ናት። እኔ ደግሞ ዝም ማለት ስለማልችል አወራለሁ። "ስትድኚ ፀጉርሽን እኔ ነኝ የምሠራሽ። ጥቁር ቀለም። ባባ ራሱ አዲስ ሠራተኛ መጣች ይላል።"

"ኧረ ተይኝ" አለች። "በዚህ እድሜዬ ለማን ልጥቆር?" ግን ሳቀች። ሹፌሩ በመስታወቱ አየን።

ሆስፒታሉ ገብተን ጣቷን ወግተው ስኳሯን ለኩ። ጥሩ ነው ተባለ። ነርሷ ጥያቄዎቿን ጀመረች። በላሽ? አልበላሁም። ጣፋጭ? አልቀመስኩም። እርጉዝ ነሽ? እቴ ሃዋ "አስተግፊሩላህ" ብላ አፏን ሸፈነች። የመጨረሻው ጥያቄ "ትናንት ወይም ዛሬ ስፖርት ሠርተሻል?" የሚል ነበር።

ተረጎምኩት። እቴ ሃዋ እኔን አየችኝ፣ እኔ እሷን አየኋት።

"ሩጫ ጀምረሻል ወይ ነው የምትለው" አልኳት።

"ወላሂ በቁምጣ ነው በያት።"

ሁለታችንም ሳቅን። ነርሷም ምኑ እንዳሳቀን ሳይገባት አብራን ሳቀች። "የለም" ብዬ መለስኩ፣ እሷም "የለም" ብላ ጻፈች።

መርፌውን ይዞ የመጣው ዑስማን የሚባል ሱዳናዊ ነው። መርፌው ወፍራም የብረት ቤት ውስጥ ተሸጉጧል፤ ጨረር ስላለው ነው። ወጋት፣ ጸጥ ያለ ክፍል አስተኛት፣ ብርድ ልብስ ደረበላት፣ መብራቱን ቀነሰ። "አታውሪ፣ አትነቃነቂ፣ ስልክ አትንኪ" አላት። እኔን ወደ ውጭ አወጣኝ።

መቀመጥ አልቻልኩም። ከወዲህ ወዲያ ስመላለስ ዑስማን አሳዘንኩት መሰለኝ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"ምንድን ነው የወጋሃት?" አልኩት።

"ስኳር።"

"አትቀልድ።"

"ስኳር የሚመስል ነገር። ካንሰር ሆዳም ነው እህቴ። ስኳር እንዲገባለት ከሌላው ሴል ይልቅ ብዙ በር ይከፍታል። ይህንን ስንሰጠው በሩ ስኳር ነው ብሎ ያስገባዋል። ከገባ በኋላ ግን ሴሉ ሊያቃጥለው አይችልም። ነገሩም ተመልሶ አይወጣም፣ እዚያው ታስሮ ይቀራል። ጨረር ስላሰርንበት ካሜራው የታሰረበትን ቦታ ያያል። ያበራል።"

የአሥራ አንደኛ ክፍል የባዮሎጂ አስተማሪያችን ትዝ አለኝ። ሴል ማለት አጥር ያለው ግቢ ነው ይለን ነበር። አጥሩ ላይ በሮች አሉ፣ ለስኳር የራሱ በር አለው፣ ዘበኛው የሚያውቀውን ብቻ ያስገባል። ያን ጊዜ ለፈተና ሸምድጄው ነበር። ሪያድ ውስጥ፣ በእቴ ሃዋ ደረት ላይ ይመጣብኛል ብዬ አላሰብኩም።

"ገብቶ መውጣት የማይችል" አልኩት ዑስማንን። "እንደኛ ነዋ።"

"ወላሂ እንደኛ" አለና ሳቀ።

"ጤነኛ ቦታስ አያበራም?"

"ያበራል። አንጎል ስኳር ይወዳል። ልብም። ሲሠራ የዋለ ጡንቻም እንደዚያው በሩን ይከፍታል። ለዚህ እኮ ነው እረፉ የምንለው።"

ይህን ሲለኝ ጆሮዬ ሰማ፣ ልቤ ግን አልሰማም። ልቤ ያለው ካንሰሩ በር ላይ ነበር። ያ ረሀብተኛ ነገር እዚያው የጀመረበት ቦታ ብቻ ይሁን፣ አልተሰደደም በሉኝ እያልኩ ነበር።

ጊዜው ሲደርስ ማሽኑ ውስጥ አስገቧት። ስትወጣ እንዲህ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም። ጉንጯ ላይ የትራሱ መስመር አለ። እንደ ልጅ ዓይኗን ታሻለች።

"እንዴት ያለ እንቅልፍ መሰለሽ ሰሚ" አለችኝ። "ብርድ ልብስ ደርበውልኝ፣ አትነቃነቂ አሉኝ። እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ አትነቃነቂ ያለኝ ሰው የለም።"

ነርሷ እስከ ማታ ድረስ ትንንሽ ልጆች አትቀፊ አለቻት። እቴ ሃዋ ደነገጠች፤ "ፈይሰልስ? በምን ይተኛልኛል?" እያለች ትጨነቃለች። በዚህ መሃል እኔን ሐኪሟ ጠራችኝ።

ሐኪሟ ሳዑዲ ናት፣ ወጣት፣ ዓይኗ የደከመ። ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው።

እናንተ ያን ፎቶ ብታዩት ምን ትሉ እንደነበር አላውቅም። የሰው ቅርጽ ነው፣ ግራጫ። የሚያበራው ቦታ እንደ ፍም ይነዳል። ሁለቱ ክንዶቿ ከእጅ አንጓ እስከ ትከሻ ያበራሉ። ትከሻዋ ያበራል። ደረቷ፣ ጀርባዋ፣ ከወገቧ በታች ጭኗ ያበራል። እቴ ሃዋ በእሳት የተሣለች መሰለች።

"ሁሉም ቦታ ደርሷል" አልኩ፣ በአማርኛ። ከዚያ በአረብኛ ደገምኩት።

"አይደለም፣ ተቀመጪ" አለችኝ። "ይህ በሽታው አይደለም። ጡንቻ ነው። ይህች ሴት ትናንት ምን ስትሠራ ነው የዋለችው?"

ለቅጽበት ያህል በጣም ደስ አለኝ። በሽታው አይደለም አለች እኮ! ደስታዬን ሐኪሟ አየችው መሰለኝ ቶሎ ብላ ቀጠለች። በጣቷ ስክሪኑ ላይ የእቴ ሃዋን ብብት ሥር አሳየችኝ።

"ማየት የፈለግነው ይህንን ነው። ከጡቷ ወጥቶ ከሆነ መጀመሪያ የሚሄደው እዚህ ነው። የጎድን አጥንቷንም ማየት ነበረብን። ግን በላዩ ያለው ጡንቻ ሁሉ እየነደደ ነው። የታመመችበትና የደከመችበት ቦታ አንድ ላይ ሆነብኝ፤ ሥራውን ከበሽታው መለየት አልቻልኩም። እንደገና ፎቶ መነሳት አለባት።"

ወጥቼ ሄድኩ። እቴ ሃዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሰጧትን ብስኩት ለፈይሰል ብላ በመሐረብ ትጠቀልላለች።

"ትናንት ምን ሠራሽ?"

"ምንም።"

"እቴ ሃዋ።"

መሐረቡን ቋጠረች። ከዚያ "ምንጣፎቹን አጠብኩ" አለች።

"የትኛውን?"

"ሁሉንም። ረመዳን መግቢያ አይደል። የእንግዳ ቤቱን፣ የሳሎኑን፣ የልጆቹን። ጣሪያ ላይ አውጥቼ በብሩሽ።"

"አትሥሪ አላልኩሽም? እዚህ ቆሜ፣ በዚህ አፌ አላልኩሽም?"

"ብለሽኛል።" ቀና ብላ አየችኝ። "ለመዳም ነገ ሐኪም ቤት እውላለሁ ብዬ ነገርኳት። እሺ፣ እንግዲያው የነገውን ዛሬ ጨርሺና ሂጂ አለችኝ። ታዲያ ሳልጨርስ ማን ይለቀኛል ሰሚ? ዛሬም ከሱብሒ ሶላት በኋላ የቀረችውን ደረጃ ወልውዬ ነው የወጣሁት። ለመምጣት ብዬ እኮ ነው።"

ለመምጣት ብላ ነው። የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በኛ ሥራ የእረፍት ቀን የሚባል የለም። አንድ ቀን ለመውጣት የዚያን ቀን ሥራ በዋዜማው ትሠሪያለሽ፣ ስትመለሺም የተጠራቀመው ይጠብቅሻል። ነርሷ እረፊ ስትላት እቴ ሃዋ እምቢ አላለችም። ለማረፍ ፈቃድ የምታገኝበት መንገድ ያ ብቻ ነበር።

ነርሷም ስፖርት ሠርተሻል ወይ ብላ ጠየቀች። ደግማችሁ አስቡት። በጂም የሚደክም ሰው መኖሩን ያውቃሉ። ትናንት ምንጣፍ አጥበሻል ወይ ብሎ የጻፈ ግን የለም። እኛም በጥያቄው ስቀናል።

ለባባ ደወልኩለት። ቀስ ብዬ አስረዳሁት፣ ዑስማን እንዳስረዳኝ አድርጌ፣ በሩንም ስኳሩንም።

"ታየ ወይስ አልታየም?" አለኝ።

"አልታየም። ድጋሚ ከተነሳች ግን..."

"ሰሚራ፣ ሰውየውን የለመንኩት አንዴ ነው። በምን ፊቴ እንደገና እለምነዋለሁ? ሠራተኛዬ ምንጣፍ ስታጥብ ውላ ተበላሸ ልበለው?"

ሐኪሟ ስልኩን ተቀብላ ራሷ አናገረችው። ሰማ፣ አመሰገናት፣ "ኢንሻአላህ" አለ። ስልኩን ስትመልስልኝ ፊቷ ላይ ተስፋ ነበረ። አዲስ ስለሆነች ይሆናል። እኔ ያንን ኢንሻአላህ አውቀዋለሁ።

እቴ ሃዋ ደግሞ ውሸት አትችልም። ለመዳም ደውላ እስከ ማታ ልጆች አትቀፊ መባሏን ነገረቻት። መዳም ጨረር የሚለውን ስትሰማ ጮኸች። ዛሬ እንዳትመጪ፣ ልጆቼን እንዳታገኚ አለቻት። ከበስተኋላ የፈይሰል ለቅሶ ይሰማል። እቴ ሃዋ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው ቆየች።

ስልኩን ነጥቄ ደወልኩ። እንዳልኳችሁ አፌ አይዘጋም።

"መዳም፣ ምርመራው የተበላሸው በምንጣፍሽ ነው።"

"የምን ምንጣፍ?"

"ትናንት ያሳጠብሻት።"

"እኔ እጠቢ አልኩ እንጂ ራስሽን ግደይ አልኩ? ሁልጊዜም የምትሠራው እኮ ነው። በዚያ ላይ ረመዳን መጣ፣ የሁሉም ሰው ቤት ይታጠባል።"

እውነቷን ነው። የሁሉም ሰው ቤት ይታጠባል።

ያን ዕለት ወደኔ ክፍል ሱወይዲ ወሰድኳት። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች አልጋ ለቀቁላት፤ እሷ ግን መሬት ላይ ተቀምጣ ልብሳችንን ማጣጠፍ ጀመረች። እጇን ያዝኩት። "ተይው" አልኳት። "ምን ላድርግ ታዲያ?" አለችኝ። የምሯን ነበር የጠየቀችኝ።

በነጋታው ሹፌሩ መጣ። ሊወስዳት መስሎን ዓባያዋን ለበሰች። መኪናው ውስጥ የነበረው ሻንጣዋ ነው። አንገቱን ደፍቶ አወረደው። ከላዩ ፓስፖርቷ፣ ከፓስፖርቷ ጋር ኹሩጇ። ባባ ለመንገድ ብሎ ተምር ልኮላታል፣ ጥሩውን ዓይነት። ክፉ ሰው አይደለም አላልኳችሁም?

እቴ ሃዋ አላለቀሰችም። ሻንጣውን ከፍታ አየች። የፈይሰል አንድ እግር ካልሲ ከልብሷ ጋር ተደባልቆ መጥቷል። እሱን አውጥታ ኪሷ ከተተችው።

አውሮፕላን ማረፊያ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ፎቶው ያለበትን ሲዲ በእጅ ቦርሳዋ አስያዝኳት፤ አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች ያዩልናል ብዬ። መግቢያው ላይ አቅፌያት "አብሽሪ እቴ፣ አላህ ያውቃል" አልኳት። እሷ አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ የሆነ ነገር ታስባለች። መጨረሻ ላይ የነገረችኝ ይህንን ነው፦

"ምንጣፎቹን ጣሪያ ላይ እንዳሰጣኋቸው ነው የመጣሁት። ያነሳቸው ሰው ይኖር ይሆን? ፀሐዩ ቀለማቸውን ይበላዋል።"

አዲስ አበባ ዘመዶቿ ያሳዩአት ሐኪም ሲዲውን ከፍቶ አይቶ፣ ይህ አይነበብም፣ እንደገና መነሳት ነበረባት አለ። የት እንደምትነሳ ግን አላገኙላትም። ሐርቡ ገባች። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። ያጠበቻት የእህቷ ልጅ ናት። በስልክ አገኘኋት፤ "እንደ እናቴ ሆና ነው የሞተችው" አለችኝ። ከዚህ በላይ አልጠየቅኋትም።

ያን ቀን ተሰራጭቶ ነበር ወይ? አላውቅም። ማንም አያውቅም። ምናልባት ብብቷ ሥር ንጹሕ ነበረ፤ እዚሁ ትታከም፣ ፀጉሯን አጠቁርላት ነበር። ምናልባት ደግሞ ያኔም አልቆ ነበር። ክፉውን ሰምቼ ቢሆን እስካሁን ይወጣልኝ ነበር። የማይወጣልኝ አለማወቄ ነው። አንዳንዴ ዓይኔን ስጨፍን የማየው መልኳን አይደለም፣ ያንን ፎቶ ነው። ያን ሁሉ ዘመን መላዝ ውስጥ ስትደክም ማንም አላየላትም። አንድ ቀን ማሽኑ አየው፤ እሱም ጥፋት ሆኖባት።

ያ ቀን ምን ለወጠብሽ ትሉኝ ይሆናል። በፊት ሁሉም ነገር በአፍ የሚፈታ ይመስለኝ ነበር፤ በደንብ ከተረጎምኩ፣ በደንብ ከተከራከርኩ። አንድ ቃል ሳልጥል ተርጉሜያለሁ እኮ። አሁን ከሰው ጋር ሆስፒታል ስሄድ ነርሷ ሳትጠይቅ በፊት እኔ "ትናንት ምን ሠርተሽ ዋልሽ?" ብዬ እጠይቃለሁ። ይህም ብዙ አይጠቅምም። ለአንዲቷ እውነቱን ብናገርላት ቀጠሮሽን ቀይሪ ብለው መለሷት፤ ሌላ ቀን የሚፈቅድላት ግን አልተገኘም። ብናገርም በሩ ይዘጋል፣ ዝም ብልም ያበራል።

በቅርቡ ደግሞ አንዲት ልጅ ይዤ ሄድኩ፣ ለዚያው ምርመራ። ከኔ ታንሳለች። መኪና ውስጥ "ትናንት ምን ሠርተሽ ዋልሽ እህቴ?" አልኳት።

"ምንም" አለች፣ እጆቿን ዓባያዋ ሥር እየከተተች።

መስኮቱ ተዘግቷል። በረኪና ሸተተኝ።